ለማን ብለን ገዛነው?

ወሎ ቤት ምግብ ሲቀርብ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ የሚያስታጥበው ልጅ ነው። ከታላቅ ይጀምራል፤ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ ዓይኑን ከሚታጠበው ሰው እጅ ላይ አይነቅልም። እጁ ሲፋተግ ማንቆርቆሪያውን ቀና ያደርጋል፣ ሲዘረጋ መልሶ ያፈሳል። አያቱ ጎንበስ ማለት ካቃታቸው ሳፋውን እሱ ከፍ ያደርግላቸዋል እንጂ «ዝቅ ይበሉ» አይላቸውም። ይህን ሁሉ ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ልጆች የሰው ችግር እንዲገባቸው ማስተማር የሚፈልግ መምህር ከባዶ አይነሳም፤ ከማዕድ ዳር ያለውን ልማድ ወደ ክፍል ማምጣት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የሚጎድላቸው ሌላው ግማሽ ነው፦ ሳሙናው ስንት እንደተገዛ፣ ብሩ ካልበቃ ምን እንደሚቀርና የሚቀረው የማን እንደሆነ።

እዚህ የማስቀምጠው ሁለቱን ባንድ ላይ የሚያስተምር የአራተኛ ክፍል ሥራ ነው። ልጆቹ በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ ለአንድ ለሚያውቁት ሰው ይነድፋሉ፣ በተቆረጠ ብር ይሠራሉ፣ ያስረክባሉ። ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ዘጠኝ ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። ከሒሳብ፣ ከአካባቢ ሳይንስና ከግብረ ገብ ሦስት ሦስት ክፍለ ጊዜ ቢወሰድ አንዱም ትምህርት ብዙ አይጎዳም። መታጠቢያው ራሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዚምባብዌ ውስጥ በቅል ተሠርቶ የተጀመረ ነው። ዛሬ ቅሉን የተካው የ5 ሊትር ጀሪካን ነው፤ አግዳሚ እንጨት ላይ ይንጠለጠላል፣ መርገጫው ሲረገጥ በሲባጎ ተስቦ ይዘነበልና ውሃ ያፈሳል።

ጊዜውን መምረጥ ያስፈልጋል። ጥቅምት ይመቻል፤ ዝናቡ ወጥቷል፣ መሬቱም ገና አልጠጠረም። ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ የገጠር ልጆች ከክፍል ይጎድላሉ፣ ቡድን ይፈርሳል። በልግ የሚጥልበት ደጋ ላይ ደግሞ የካቲትና መጋቢት ለመቆፈር አያመችም፤ ጉድጓዱ ውሃ ይቋጥራል፣ የተተከለውም እንጨት ይዘማል።

40 ተማሪ ካለ ስምንት ቡድን ይበቃል፣ በቡድን አምስት። ክፍሉ 60 ከሆነ ቡድን ይጨመር እንጂ በቡድኑ ውስጥ ያለው ልጅ አይብዛ፤ ሰባተኛው ልጅ ቁጭ ብሎ ተመልካች ይሆናል። የሥራ ክፍፍሉን ከቅሬ፣ ከወሎ እድር፣ መውሰድ ነው። ቅሬ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊና ንብረት ያዥ እንዳለው ልጆቹ ከቤት ያውቃሉ፤ ገንዘብ ያዥ ብሩን እንደማያዝበት፣ ጠባቂው ብቻ እንደሆነም ያውቃሉ። በእነዚህ ላይ ጠያቂና ለኪ ይጨመራሉ። ጉልበተኛውን ልጅ ገንዘብ ያዥ ማድረግ ግን አይገባም፤ ውሳኔው ሁሉ ወደ ብሩ ይሄዳል።

ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ባለጉዳይ፣ መታጠቢያው የሚሠራለት ሰው፣ ይሰጠዋል። አንድ ሰው! «ለትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ» የሚባል ባለጉዳይ ልጆቹን ያበላሻቸዋል፤ የአሥር ዓመት ልጅ «ለሁሉም» ሲባል የሚሠራው በራሱ ቁመትና በራሱ ጉልበት ልክ ነው። ባለጉዳዩ የዜሮ ክፍል ሕፃን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የግቢው ጥበቃ፣ ልጅ አዝላ የምትሠራ የጽዳት ሠራተኛ፣ በክራንች የምትሄድ ተማሪ፣ ዓይኑ አጥርቶ የማያይ ልጅ ሊሆን ይችላል። ፈቃዳቸውን መምህሩ ቀድሞ፣ ለብቻቸው ይጠይቃል። ካላመነቱ ብቻ ነው፤ ካመነቱ ይቀራል። በክራንች የምትሄደዋን ልጅ ደግሞ የቡድኑ መመልከቻ ማድረግ ነውር ነው፤ ራሷ ቡድኑ ውስጥ ገብታ ወሳኝ ትሁን። የምትፈልገውን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዝም ብሎ ማየት ነው። በእረፍት ሰዓት 15 ደቂቃ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ግን በር ላይ ሳይደቀኑ፣ ሁለት ነገር ይቆጥራሉ፦ ስንት ሰው ወጣ፣ ስንቱ ታጠበ። የሰው ስም አይጻፍም፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጭረት ብቻ። ይህ ቁጥር ኋላ ስለሚፈለግ መምህሩ ዘንድ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ነው፤ እዚህ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። ልጆች ሁልጊዜ «ምን ይፈልጋሉ?» ብለው ይጀምራሉ። መልሱ «ቧንቧ» ነው፤ ከቧንቧ ደግሞ ምንም አይማሩም። የሚሠራው ጥያቄ አንድን ቀን የሚያስታውስ ነው፦ «ትናንት ከምሳ በፊት እጅዎን የት ታጠቡ? ውሃውን ማን ያዘልዎ? ዕቃዎን የት አኖሩት?» ሰላምታው በወጉ ይሁን፤ ጤናው፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ ሁሉ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ የሚገባ ልጅ ትክክለኛ መልስ አያገኝም። በገጠሩ «አንቱ» የሚባሉትን «አንቱ» ማለት፣ በከተማው «እርስዎ» ማለት፣ «አባባ» ወይም «እትዬ» ብሎ መጥራት የጥያቄው አካል ነው።

ያም ሆኖ አዛውንቱ «ምንም አልቸገረኝ ልጄ፣ አብሽር» ይላሉ። ይሉኝታ ነው። ሕፃናት ፊት ጉልበቴን ያመኛል ማለት ከብዷቸዋል። ልጆቹ «ምንም አይፈልጉም» ብለው ጽፈው ይመለሳሉ፣ ሥራውም እዚያው ይሞታል። መፍትሔው ከቃሉ ይልቅ እጅና እግር እንዲያዩ ማዘዝ ነው፦ ሽማግሌው ሲነሱ ምኑን ያዙ? የትኛውን እግር አስቀደሙ? ዱላቸውን የት አስደገፉ? የልጁ ማስታወሻ ሁለት ዓምድ ይኖረዋል፤ በግራ «ያሉት»፣ በቀኝ «ያየነው»። ሁለቱ የማይገጥሙበት መስመር ላይ ይከበብበታል። ንድፉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ልጆቹ የባለጉዳዩን ችግር እንዲቀምሱት ብለው ብዙ መምህራን ዓይን በነጠላ ማሰር፣ አንድ እጅ ወደ ኋላ ማሰር፣ ሦስት ኪሎ አሸዋ በአንቀልባ ማዘል ይወዳሉ። ጥሩ ነው፣ ግን በ10 ደቂቃ ይብቃ፤ ከዚያ የግድ ወደ ባለጉዳዩ ይመለሱ። ዓይኑን የታሰረ ልጅ የሚማረው ድንጋጤ ነው፤ ዕድሜ ልኩን አጥርቶ ሳያይ የኖረ ልጅ ግን አይደነግጥም፣ መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል። ስለዚህ «እኛን ይሄ ከብዶን ነበር፣ አንተንስ?» ብለው ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ የከበዳቸው ሌላ፣ እሱን የሚከብደው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ብሩ። ለእያንዳንዱ ቡድን 240 ብር እንበል። ብሩ ራሱ ልጆች እጅ አይገባም፤ በምትኩ 48 ቆርኪ ይታደላል፣ አንዱ ቆርኪ 5 ብር። ቆርኪ የሚመረጥበት ምክንያት ስለሚታይ ነው። ወረቀት ላይ ከ240 ላይ 35 ሲቀነስ ቁጥር ብቻ ነው የሚለወጠው፤ ሰባት ቆርኪ ከጠረጴዛው ሲነሳ ግን ክምሩ ዓይናቸው እያየ ያንሳል።

ዋጋውን ልጆቹ ራሳቸው ያመጡታል። ባቲ ያለ ትምህርት ቤት የሰኞውን ገበያ ይጠቀማል፤ ደሴና ኮምቦልቻ ያለው የሰፈሩን ሱቅና ቆራሌውን። አንድን ዕቃ ሦስት ሻጭ ዘንድ ይጠይቁ፤ የተጠራውንና ከክርክር በኋላ የተቆረጠውን ለየብቻ ይጻፉ። ለዕቅድ የሚያዘው መካከለኛው ዋጋ ነው፤ ርካሹ በሳምንቱ ላይገኝ ይችላል፣ ውድ ሆኖ የተጠራው ደግሞ ገና ያልተከራከሩበት ነው። ልጅ ብቻውን ሲጠይቅ ውድ ዋጋ ስለሚጠራበት ከታላቅ ጋር ይሂድ።

የበጀት ቅጹ አምስት ዓምድ አለው፦ ዕቃ፣ ብዛት፣ ያንዱ ዋጋ፣ ድምር፣ ለማን ብለን። አምስተኛዋ ከሌለች ቀሪው ተራ የመደመር መልመጃ ነው። እያንዳንዱ መስመር «እትዬ እንዲህ ሲያደርጉ ስላየን» ወይም «እሱ እንዲህ ስላለን» የሚል ምክንያት ካልያዘ ቆርኪው አይከፈልም። «ስለሚያምር» የሚለው አያልፍም። ቀለም፣ ሪቫንና የተሳለ አበባ የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ባለጉዳዩ የዜሮ ክፍል ሕፃን ከሆነ ግን ቀይ ቀለም «የት እንደሚረገጥ እንዲያይ» ተብሎ በምክንያት ሊያልፍ ይችላል።

ስሌቱን ለማሳየት የናሙና ዋጋ ልውሰድ፤ በየአካባቢው የሚገኘው የተለየ ነው። ያገለገለ የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን 50 ብር፣ ሲባጎ አራት ሜትር 30፣ ሳሙና 40፣ ሁለት ባላ በ35 ሒሳብ 70፣ አግዳሚ እንጨት 25። ድምሩ 215 ነው። ከ240 ላይ 25 ብር ለመጠባበቂያ ይቀራል፤ ይህ ከመነሻው ተነጥሎ ይቀመጣል፣ አይነካም። እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው የጥበቃው ቡድን ሲደርስ ነው። መርገጫውን ለመርገጥ አንድ እግር ላይ መቆም ያስፈልጋል፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ ከመታጠቡ ራሱ ይከብዳል። ስለዚህ መደገፊያ የሚሆን ሦስተኛ ባላ ይፈልጋሉ፣ ሌላ 35 ብር። ድምሩ 250 ይሆናል፤ ሊያወጡ የሚችሉት 215 ብቻ ነው።

ይህችን ሰዓት መምህሩ ልብ ብሎ ይያት። ቆርኪዎቹ በየመስመሩ ተደርድረዋል፤ ሰባት ጎድሏል። የልጆቹ ጣት መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መደገፊያው መስመር ነው፣ ሰባቱን ከዚያ ለማንሳት። ክፋት የለባቸውም። ከዕቃው ሁሉ ለእነሱ የማይጠቅማቸው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ጀሪካኑም ሳሙናውም ለእነሱም ይሆናል፣ መደገፊያው ግን ለአባባ ብቻ። መምህሩ «አታንሱ» አይበል። አምስተኛዋን ዓምድ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ያድርግ፦ «ለማን ብለን? አባባ ሲነሱ ግድግዳውን ሲይዙ ስላየን»። ካነበቡ በኋላ ከሌላ መስመር የሚቀንሱበትን ይፈልጋሉ። አንድ ሳሙና ለሁለት ቡድን ገምሶ መካፈል 20 ብር ያተርፋል። አንደኛውን ባላ ትቶ አግዳሚውን ከቆመ የአጥር እንጨት ጋር ማሰር 35 ያተርፋል። 250 ወደ 195 ይወርዳል፤ መደገፊያው ሳይነካ 20 ብር ይተርፋል፣ መጠባበቂያውም 45 ይሆናል። ልጅ በጀት ማለት ማጉደል ብቻ እንዳልሆነ የሚረዳው በዚህ ዓይነት እጁ ሲያገኘው ነው።

ግማሹ ዕቃ ከተገዛ በኋላ መምህሩ አንድ ጊዜ ዋጋ ይጨምር፤ ለምሳሌ ሲባጎ ከ30 ወደ 45። መጠባበቂያውን በልተው የጨረሱ ቡድኖች የዚያን ቀን ይታወቃሉ። ሌላ ቡድን እንዲያበድራቸው መፍቀድ ይቻላል፣ ግን ተጽፎና የሚመለስበት ቀን ተቆርጦለት።

ከመግዛታቸው በፊት ሙከራ አለ። ሁለት ልጆች እንጨት በእጃቸው ይይዛሉ፣ ባዶ ጀሪካን ይንጠለጠላል፣ ባለጉዳዩ ይጠራል። የጥበቃው ቡድን ንድፍ ላይ የሚሳለው ብዙውን ጊዜ የእጅ መያዣ ነው። ሲሞከር ሁለት እጅ ለመፋተግ እንደሚያስፈልግ ይታያል፤ አንዱ መያዣውን ከያዘ የሚታጠበው አንድ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ መያዣው ወደ ክርን መደገፊያ ይለወጣል፦ ባላው በክርናቸው ቁመት ከጎን ይተከላል፣ ክንዳቸውን መንታው ላይ አሳርፈው ሁለቱም እጅ ነጻ ይሆናል። ይህ በወረቀት አይገኝም።

መለኪያው ላይ ብዙ ስህተት አለ። ልጆች በክንድና በስንዝር ይለካሉ፤ አንዱ በለካው ሌላው ይቆርጣል፣ የሁለቱ ክንድ ደግሞ አይተካከልም። እንጨት አንዴ ካጠረ አይቀጠልም፣ 35 ብር ሄደ ማለት ነው። የባለጉዳዩን ቁመት በሲባጎ ለክቶ፣ ክርኑ ላይ ቋጠሮ አስሮ ያንን ሲባጎ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። ከዚያ በማስመሪያ ወደ ሴንቲ ሜትር ይለወጥ፤ ሒሳቡም በዚያው ተሠራ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለትልቅ ሰው ባላዎቹ 2 ሜትር ይሁኑ፤ 50 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ገብተው 1 ሜትር ተኩል ከላይ ይቀራሉ። ለዜሮ ክፍል ሕፃን 1 ሜትር ተኩል ይበቃል። በመካከላቸው 70 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ ሥሩ በድንጋይና በአፈር ተጠቅጥቆ ይጽና። አግዳሚው 1 ሜትር ሆኖ በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ ያልፋል። ቀዳዳው የሚበሳው ከአንገቱ በታች፣ ሲዘነበል ወደ ፊት በሚመጣው ጎን ነው፤ ውሃው ከቀዳዳው በታች ድረስ ብቻ ይሞላል፣ ወደ 4 ሊትር። የጋለ ምስማር በፒንሳ ይዞ የሚበሳው መምህሩ ነው፣ ልጅ አይነካውም። ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ክዳኑ ላይም ትንሽ የአየር ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ውሃው ጥቂት ወርዶ ያቆማል፣ ልጆቹም ቀዳዳው ጠበበ ብለው ያሰፉታል። ከሰፋ በኋላ ማጥበብ አይቻልም።

ሲባጎው ከጀሪካኑ አንገት ተነስቶ 90 ሴንቲ ሜትር ከሚሆነው መርገጫ ጫፍ ላይ ይታሰራል። የመርገጫው ሌላኛው ጫፍ መሬት ላይ ያርፋል፣ የታሰረው ጫፍ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል። ሲባጎው ካጠረ ጀሪካኑ ዘምበል ብሎ ሲያንጠባጥብ ይውላል፤ ከረዘመ መርገጫው መሬት ነክቶ ውሃው አይወርድም። የማታስተካክሉት ቋጠሮ አትሠሩ፤ መጀመሪያ በሚፈታ ቋጠሮ ይሞከር። ብር ለመቆጠብ ቃጫ የሚመርጥ ቡድን ይኖራል፤ ቃጫ ውሃ ሲነካው ርዝመቱ ይለዋወጣል፣ ቶሎም ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ቁጠባው በመጠባበቂያው ይከፈላል። ከሥሩ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ ጠጠር ይሞላ፤ ካልሆነ በሦስት ቀን ጭቃ ነው። በክራንች ለምትሄደው ልጅ ግን ጠጠሩ ክራንቹን ያንሸራትታል፤ እሷ የምትቆምበት ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ፣ መርገጫውም በክንድ በሚሳብ ሲባጎ ይለወጥ፣ ክራንቿን የምታስደግፍበት መንታ እንጨትም አይረሳ። አጥርቶ ለማያየው ልጅ ከመጸዳጃው በር እስከ መታጠቢያው በእግር የሚዳሰስ የድንጋይ ጠርዝ ይደርደር፤ ነጻ ነው፣ ጉልበት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የፀረ ተባይ ወይም የነዳጅ ጀሪካን በፍጹም አይገዛም፣ ምንም ያህል ቢረክስ፣ ምንም ያህል ቢታጠብ። ሳሙናው በሽንኩርት ከረጢት ቁራጭ ተቋጥሮ ይንጠልጠል፤ በላዩ የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ እንደ ጃንጥላ ይደፋበት። ያለዚያ ዝናብ ያሟሟዋል፣ ቁራም ይወስደዋል። ሞቅ በሚለው፣ ባቲና ኮምቦልቻ አካባቢ፣ ምስጥ ባላውን ከሥሩ ይበላዋል፤ የሚቀበረውን ጫፍ እስኪጠቁር በእሳት መለብለብ ዕድሜውን ያራዝመዋል።

ውሃውም በጀት ነው። አንድ ሰው ሲታጠብ ከሥሩ ሳህን ተደርጎ ይለካ። 100 ሚሊ ሊትር ከወረደ 4 ሊትሩ ለ40 ሰው ይበቃል ማለት ነው፤ ከዚያ በቀን ስንት ጊዜ መሞላት እንዳለበት ልጆቹ ራሳቸው ያሰሉታል። ውሃ በሌለበት ግቢ ተራ የደረሰው ቡድን እያንዳንዱ አባል አንድ ሊትር በሃይላንድ ይዞ ይመጣል። ማታ ጀሪካኑ ወርዶ ክፍል ይገባል፤ ንብረት ያዡ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። በሳምንት አንዴ ውስጡ በጠጠርና በውሃ ተንቀጥቅጦ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጀሪካን አረንጓዴ ያወጣል።

ማረም ላይ ውበት ነጥብ አይኖረውም። ከ20 ብናርም፣ ስምንቱ ለአምስተኛዋ ዓምድ፣ ስድስቱ ድምሩ ከቀሪው ቆርኪ ጋር ለመግጠሙ፣ ስድስቱ ባለጉዳዩ ማንም ሳይረዳው መታጠብ ለመቻሉ። የመጨረሻው የሚለካው ባለጉዳዩን በመጠየቅ አይደለም፤ ይሉኝታው አሁንም አለ፣ «እግዜር ይስጣችሁ»፣ «አላህ ይጨምርላችሁ» ብለው መርቀው ይሸኟቸዋል። ምርቃቱን በደስታ ይቀበሉ፣ ነጥቡን ግን በዓይን አይተው ይሙሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ቆጠራ ይደገማል፦ ያው እረፍት ሰዓት፣ ያው 15 ደቂቃ፣ ያው ሁለት ነገር። የአንዱን ቡድን መታጠቢያ ሌላው ቡድን ይቁጠር፤ የራሱን የሚቆጥር ልጅ ጓደኛውን «ና ታጠብ» ብሎ ይጠራል። ቁጥሩ ካልጨመረ መጀመሪያ የሚታየው ጀሪካኑ ውሃ እንዳለው፣ ቀጥሎ ሳሙናው እንዳለ፣ ከዚያ ሲባጎው እንዳልተበጠሰ ነው። የተበጠሰ ከሆነ ገንዘብ ያዡ ከመጠባበቂያው ያወጣል፤ በቅጹም ላይ አዲስ መስመር ይከፈታል፣ አምስተኛዋም ዓምድ እንደገና ትሞላለች።